ጥርብ መንገድ

ገና ሳይነጋ ነው ድልድዩን ያለፍነው፣
ዓባይ ከሥራችን ጉም ተከናንቦ ነው፤
አራት ሰው፣ አራት ሳይክል፣ ሦስት ፍሬን ይዘን፣
(የምንይችል ፍሬን የጫማው ሶል ሲሆን
ቁልቁለት በመጣ ቁጥር የጎማው ሽታ
ቀድሞን ከተማ ይገባል።)

አንሙት፣ የአጎቱን ፊኒክስ ወርሶ፣
ኮርቻውን በአሮጌ ሶፋ ጨርቅ አልብሶ፤
ውባንቺ፣ ከፊቷ ቅርጫት የሰቀለች፣
ዳቦ፣ ሙዝ፣ መርፌና ማስቲሽ የያዘች፤
ጋሻነው ከኋላ፣ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ፣
ጉልበቱን እያመመው፣ መሪው ላይ ተጥሎ።

ውድድሩ ሳይጀመር፣ ገመድ ሳይወጠር፣
የሚያልፉበትን ድንጋይ ቀድመን ልንሞክር
በሽምብጥ በኩል ገባን።

አስፋልቱ ሲያልቅ
ወሬያችን አለቀ።

ጥርስ ከጥርስ ተላተመ። እጄ መሪውን ይዞ፣
መሪው እጄን ይዞ፣
ማን ማንን እንደሚነዳ ጠፋኝ።
ምንይችል «ዛ-ዛ-ዛሬ» ብሎ አንድ ነገር ጀመረ፤
ያሰበው ሁሉ ምላሱ ላይ
እንደ ሽንብራ ተንጣጥቶ ቀረ።

ጋሻነው ግን፣ ያ ጉልበቱን የሚያመው፣
በጨለማ ቤቱን እንደሚዞር ሰው፣
ይቺን ሸሸት፣ ያቺን ረገጥ፣ ሲል፣ ሲታጠፍ፣
ታንኳ መሰለ፣ ማዕበል ሳይነካው የሚያልፍ።

«እንዴት አወቅኸው?» አለች ውባንቺ ስንቆም።
እጁን አሳያት። አውራ ጣቱ ላይ ጥፍር የለም።

«ከዚህ ዋርካ ጀምሮ እስከዚያ ቱቦ ድረስ
የኛ ማኅበር ነው። አንድ ቀን መዶሻ ስመልስ
ስንጥሩ ዐይኔ ገብቶ፣ ሁለት ሌሊት አልቅሼ፤
በፍሬ ነው ክፍያው፤ የተሰነጠቀ አይቆጠርም፤ ተመልሼ
ሌላ እጠርባለሁ።» ይህን ያህል ቃል
ካፉ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ ዝም ይላል።

ከዚያ ጥበቃ። ፀሐይ። ሐይቁ በቤቶቹ መሀል
እንደ ስንጥቅ መስታወት ብልጭ፣ ጥፍት ይላል።
ልጆች ማንጎው ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለዋል፤
አንድ ባለባጃጅ ከፖሊሱ ጋር ተጣልቶ፣ ታርቆ፣
ሻይ አብረው ጠጥተዋል።
«መጡ!» ይላል አንዱ። አልመጡም። ውሻ ነው።
«መጡ!» አህያ ነው፤ ጭነቱም አሸዋ ነው።

ኋላ፣ ማንም ምንም ሳይል፣
መጀመሪያ ከእግራችን ሥር
ቆርቆሮ ላይ እንደሚንደረደር ዝናብ፤
ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ላብ፣
አንድ የተገለጠ ጥርስ፣
አንዲት የተቀደደች ካልሲ፣ ነፋስ።

አለፉ። በቃ።
ሦስት ሰዓት ለሦስት ትንፋሽ።
የአንዷንም ፊት አላየሁም።
አንሙት ገና እጁን ለማጨብጨብ እያነሣ ነበር።
ጋሻነው ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን ያያል፤
አንዱ እንኳ እንዳልተነቀለ በልቡ ይቆጥራል።

ሰው መበተን ሲጀምር አንዲት ልጅ መጣች፣
ቁጥሯ በአንድ መርፌ ቁልፍ ብቻ የተያዘች፤
የኋላ ጎማዋ ተንፍሶ፣ የቸርኬው ብረት
ድንጋዩን ሲመታ፦ ቅው፣ ቅው፣ ቅው፤
መሮ ነው፣ ያ የድሮው።

ጋሻነው ቀና አለ።
«ውረጂ» አላት። «ይኼን ያዢ።»
ሕጉ ይፍቀድ አይፍቀድ ማንም አልጠየቀ።
ያንን ከባድ ሳይክል፣ ከነእቃ መጫኛው፣ ከነደወሉ፣
ተረከበችና ሄደች።
እሱ የሷን በትከሻው፣ እኛ ከኋላው፣
ዘንባባው ድረስ፣ እስከ ሐይቁ ዳር።

ሣሩ ላይ ተዘርግታ አገኘናት፣ የመጨረሻዋ፣
ጫማዋን አውልቃ፣ ውሃው ውስጥ ነው እግሯ።
ከርቀት ሁለት ይብራዎች
ውድድር መኖሩንም አልሰሙ።
«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለችና፣ መዳፏን አየችው፣
ውሃ ቋጥሮ ነበር፣ «ይህን ድንጋይ የጠረበ ሰው፣
እጁን ይቁረጠው!»

ዝም አልን። ውባንቺ ቅርጫቷን አየች።
ምንይችል ሰማይ አየ።

ጋሻነው ሳቀ።
በሃያ ዓመት ጓደኝነት ሰምተነው የማናውቀው ሳቅ፣
እያሳለው፣ ጉልበቱን ይዞ።
ሳይክሉ ላይ ወጣ፤ ምንም አላላት፤
ጥፍር በሌለው አውራ ጣቱ
ደወሉን መታላት።